የቀይና የነጭ ቀለም ውል

ሞተሩ ወደ ሳሎናችን የገባው በመስኮት ነው። በሩ ስለ ጠበበ አባቴ የመስኮቱን መቃን ከነመስታወቱ ነቀለ፤ ከዚያም ብረት በማሽን ከሚቀርጸው ጓደኛው ከባለቶርኖው ጋር ሆኖ ያን የብረት ሬሳ በወፍራም አጣና አንጠልጥለው፣ ሁለቱም እያማጡ፣ «አንተ ነህ የለቀቅከው!» «ኧረ አንተ ነህ!» እየተባባሉ አስገቡትና በምግብ ጠረጴዛችን ላይ አሳረፉት። ጠረጴዛው አንድ ጊዜ አቃሰተና ዝም አለ።

«ሌላው ሰው ሳሎኑ ውስጥ ቴሌቪዥን ያስቀምጣል» አለ ባለቶርኖው ላቡን በእጅጌው እየጠረገ።

«ቴሌቪዥን አቀበት አይወጣም» አለችው እናቴ።

የጠረጴዛውን ልብስ አስቀድማ አንሥታ፣ አጥፋ፣ በክንዷ ላይ ይዛ ቆማ ነበር። «እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ ሳህናችንን በጭናችን ይዘን ነው የምንበላው» አለች። እኔም አዘንሁላት። አባቴ ለገዛ ጨዋታው ሲል ጠረጴዛዋን የቀማት መስሎኝ ነበር።

ያን ጊዜ ንባብ ገና መጀመሬ ነው። ሁለት ሰው ብቻ የምታስቀምጠው፣ ከመሬት እምብዛም ያልራቀችው የስፖርት መኪና ከእኔ ልደት በፊት ጀምሮ በግቢያችን ጥግ በሸራ ተሸፍና ትኖር ነበር። ከሥሯ ወጥተው የሚታዩት እግሮች ሁልጊዜ የአባቴ እግሮች ስለ ነበሩ፣ የእርሱ ንብረት እንደ ሆነች አንድም ቀን አልተጠራጠርሁም። እርሱ መካኒክ ነበር፤ ልብሱም ትራሱም ዘይት ዘይት ይሸታል። እናቴ ግን ቀኑን ሙሉ በመሥሪያ ቤት የጽሕፈት መኪና ስትመታ የምትውል ሴት ነበረች፤ ጣቶቿን ያቆሸሸ ነገር ቢኖር የካርቦን ወረቀት ብቻ ነው። በእነዚህ ሁለት ምልክቶች ተመርቼ በቤታችን የሆነውን ሁሉ ገልብጬ አነበብሁት።

እውነቱ ይህ ነው። መኪናዋ የእናቴ ነበረች። ሳታገባ ገዝታት፣ ከከተማው በላይ ባለው ጠመዝማዛ አቀበት በየዓመቱ በሚደረገው ውድድር እየነዳቻት፣ ብዙ ወንዶችን ወደ ኋላ አስቀርታባታለች። አባቴ ያን ጊዜ የመኪናዋ ጠጋኝ ነበር። ኋላ ባሏ ሆነ፤ ቀጥሎ እኔ ተወለድሁ፤ በዚያው ዓመት ሞተሩ ዘይት አጥቶ ተቃጠለና ተጣብቆ ቀረ። «ልጅቷ ጥርስ ስታወጣ እንሠራዋለን» ተባለ። ጥርሴ ወጣ። «ስትራመድ» ተባለ። ተራመድሁ። እነሆ የወተት ጥርሴ መነቃነቅ ሲጀምር ሞተሩ ጠረጴዛ ላይ ወጣ።

የወጣበትም ምክንያት ነበረው። የውድድሩ ሹም አንድ እሑድ ረፋድ ላይ ቤታችን መጥቶ፣ ቆቡን በጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ከእናቴ ጋር ተነጋገረ። መኪና አስመጪ የሆነ አንድ ድርጅት ለቡድኑ ነጂ ይፈልጋል፤ ምርጫው የሚደረገው በመጪው የአቀበት ውድድር ነው፤ የተመረጠ ሰው ዓመቱን ሙሉ ከከተማ ከተማ እየዞረ ይወዳደራል። እኔ ከዚህ ሁሉ የሰማሁት፣ ሹሙ ከሄደ በኋላ እናቴ ለአባቴ የነገረችውን አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው፦

«አቀበቱን እንደ ድሮው ከወጣሁት ይወስዱኛል።»

ሰዎች ሲወሰዱ አይቼ አውቅ ነበር። የጎረቤታችንን ልጅ በሌብነት ሲወስዱት እናቱ እስከ መንገዱ ጫፍ እየጮኸች ተከትላው ነበር። ስለዚህ እናቴ ይህን ቃል ለምን በፈገግታ እንደምትናገረው ሊገባኝ አልቻለም። አባቴ ግን ፈገግ አላለም። የሻይ ብርጭቆውን አስቀመጠና «እንግዲህ ሞተሩን እናውርደው» አለ። እኔ ከሁለቱ ነገሩ የገባው እርሱ ብቻ ነው ብዬ ደመደምሁ።

በእነዚያ ወራት ሳሎናችን ሳሎን መሆኑ ቀረ። ነፋስ በመጣ ቍጥር በመስኮቱ ክፍተት የተወጠረው ላስቲክ እንደ ሸራ ይነፋና ይረግብ ነበር። በመጽሐፍ መደርደሪያው ላይ በመጽሐፎቹ ፋንታ ፒስተኖች በሰልፍ ቆሙ። የልብስ ሣጥኑ መሳቢያ የብሎን ማደሪያ ሆነ። ካልሲዬን ስፈልግ ዘይት የነካው ጨርቅ እያገኘሁ አለቅስ ነበር። እናቴም ከሥራ ስትመለስ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ወደ ጠረጴዛው ሄዳ «ዛሬስ የት ደረሰ?» ትላለች። አባቴ «ብረት አይቸኮልበትም» ይላል። ያን ጊዜ እርሷን ጨቅጫቃ፣ እርሱን ታጋሽ አድርጌ ፈረድሁ። ይህን ፍርድ ይዤ ረጅም ዘመን ኖሬአለሁ።

በኋላ ልብሷን ለውጣ ትቀመጣለች። ከሞተሩ ራስ ላይ ያሉት ቫልቮች፣ እንደ እንጉዳይ ባለ ቅርጽ የተሠሩት ብረቶች፣ የእርሷ ድርሻ ነበሩ። የእያንዳንዱን ጠርዝ የሚፍቅ ቅባት ትቀባና በመቀመጫው ላይ ታሳርፈዋለች፤ ጫፉ ላይ በተጣበቀ ዱላም በሁለት መዳፏ መካከል እያሽከረከረች ትፈጨዋለች። ድምፁ አሸዋ የሚያኝክ ሰው ድምፅ ነበር። ዐይኗን ጨፍና ነው የምትፈጨው። «ለምን ትጨፍኛለሽ?» ብላት «እጅ በደንብ የሚሰማው ዐይን ሲዘጋ ነው» አለችኝ። ፍጭቱ ሲያልቅ ድምፁ ይለወጣል፤ አሸዋው ወተት ይሆናል። ያን ጊዜ አውጥታ ጠርዙ ላይ ዙሪያውን የተሣለችውን ግራጫ ክር ታሳየኛለች። ክሩ የትም ሳይቋረጥ ከዞረ ቫልቩ አየር አያሳልፍም ማለት ነው።

ከዚያም በዘጋችው ብሎን ሁሉ ላይ በጥፍር ቀለሟ አንድ ቀይ ነጥብ ታስቀምጣለች። አባቴ ደግሞ እርሱ በዘጋቸው ላይ ነጭ ቀለም ያስቀምጣል። ይህ ከጋብቻቸው የቀደመ የሥራ ውላቸው ነበር፤ ቀይ ያለበትን እርሷ ብቻ፣ ነጭ ያለበትን እርሱ ብቻ ይከፍታል። አንድ ቀን ነጭ ነጥብ ያለበትን ነገር በጣቴ ስነካ እናቴ እጄን ቀስ ብላ አነሣችው።

«የአባትሽ ነው። አይነካም።»

«ለምን?»

«ሁለት ሰው አንድ ብሎን ላይ እጁን ካስገባ ጥፋቱ ባለቤት አያገኝም። ነጭ ካየሽ ተሠርቶ አልቋል ማለት ነው። እኔም አልጠራጠረው፣ እሱም የኔን አይጠራጠር።»

«ሌላው ሰው ሲጋባ ቀለበት ያደርጋል» አለ በዚያ የነበረው ባለቶርኖ፤ «እናንተ ግን በብሎን ተጋባችሁ።»

አባቴ ሳቀ። እናቴ አልሳቀችም። «ቀለበት ይወልቃል» አለችው። «ብሎን የሚፈታው ቍልፍ የያዘ ሰው ብቻ ነው።»

ባለቶርኖውን በዚያ ሰሞን ጠላሁት፤ የጠላሁበትንም ቀን አስታውሳለሁ። ከትምህርት ቤት ተመልሻለሁ፤ እናቴ ገና ከሥራ አልመጣችም። ሞተሩ ተገጣጥሞ ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶታል። ባለቶርኖው ገባና ከኪሱ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። እንደ ሳህን ክብ፣ እንደ ወረቀት ስስ፣ የሚያበራ የነሐስ ዝርግ ነበር።

«ይኸው ክቡ» አለ። «ቀዳዳውን ግን አልቀደድኩትም።»

«ልኩን ነግሬህ የለም እንዴ?»

«ነግረኸኛል። ልኩን ስለ ነገርከኝ ነው ያልቀደድኩት።»

አባቴ እንደ መሳቅ አደረገው። «መቼ ነው ደግሞ ሰባኪ የሆንከው?»

«ሰባኪ አይደለሁም። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው። ሲመጣ የኔ እጅ እንዳይገኝበት ነው።»

«እሷ ከተማ ለከተማ ስትዞር፣ ሆቴል ለሆቴል ስታድር፣ ይቺን ልጅ ማን ያሳድጋታል? እኔስ ምን ልባል ነው? ባለቤቱ ስትነዳ እሱ ጎማ የሚነፋላት?»

«እሱን ለእሷ ንገራት» አለ ባለቶርኖው። «ለብረት አትንገረው።»

ወጥቶ ሄደ። እኔ ሥራ የጠላ ሰነፍ ሰው አድርጌ አየሁት፤ አባቴን በመጨረሻው ሰዓት ከድቶት እንደ ሄደ። ዛሬ ሳስበው ባለቶርኖው ከሁላችንም ይልቅ የተገለጠለት ሰው ነበረ። ነገር ግን እጁን ንጹሕ ማድረግ ለእርሱ በቂ ሆነለት። እናቴን በየሳምንቱ ያገኛት ነበር፤ ሻይ ስትቀዳለት ተቀብሎ ጠጥቷል፤ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ክፉ ሥራን አልሠራም ብሎ ሲሠራ አይቶ ዝም ያለ ሰው በምን ሚዛን እንደሚመዘን እስካሁን አላወቅሁም። ጥፋቱ ግን ቀሎ አይገኝም።

አባቴ ነሐሱን በጠረጴዛው ጠርዝ ላይ በተተከለው ማሰሪያ አሰረና መካከሉን በእጅ መሰርሰሪያ በሳው። ከዚያ ክብ ሞረድ አንሥቶ ቀዳዳውን ቀስ እያለ፣ ብርሃን ላይ እያነሣ እየተመለከተ፣ እፍ እያለበት አለሰለሰው። የወርቅ የመሰለ ዱቄት በጣቶቹ ላይ፣ በቅንድቡ ላይ፣ በእኔም ጉልበት ላይ ይዘንብ ነበር። እንደዚያ ቀን ተጠንቅቆ ሲሠራ አይቼው አላውቅም።

«ምንድን ነው አባባ?»

«ጌጥ ነው።»

«የሞተሩ ነው የእማዬ?»

ጥቂት አሰበ። «የሁለቱም።»

ከዚያ በሆዴ ይዤው የቆየሁትን ነገርሁት። «አባባ፣ እማዬን ይወስዷታል?»

«ማን?»

«ሰዎቹ። ይወስዱኛል ብላለች።»

ሞረዱ ቆመ። ወደ እኔ ዘወር ብሎ፣ ነሐስ በተነሰነሰበት እጁ ጉንጬን ያዘ። «እኔ እያለሁ ማንም አይወስዳትም» አለኝ። ዐይኖቹ እንባ አቅርረው ነበር። ዓለም ሁሉ በዚያ እጅ ውስጥ የዳነ መሰለኝ።

ያ ነሐስ ምን እንደ ነበር ያወቅሁት አባቴ ከሞተ በኋላ ነው። መኪናዋን ልንሸጥ ገዢው ከራሱ መካኒክ ጋር መጣ፤ መካኒኩም ቤንዚንና አየር የሚቀላቀሉበትን ካርቡራተር ፈትቶ አነሣና፣ ከሥሩ ባለው የሞተሩ ጕሮሮ ላይ አጎንብሶ ቆየ። ከዚያ ክቡን ነሐስ በካቻቪቴ ጫፍ ፈልቅቆ አወጣው። «ማነው ይኼን እዚህ የከተተው?» አለኝ። ሞተር እንደ ሰው በጕሮሮው አየር ካልሳበ ጕልበት የለውም፤ ይህ ሞተር ግን ከታደሰ ጀምሮ የተነፈሰው የጣት ጫፍ ብቻ በሚያስገባ ቀዳዳ ነው። «ቀስ ብሎ ሲሄድ አያስታውቅም» አለ መካኒኩ። «ብዙ ሲጠየቅ ነው የሚታነቀው። የሠራው ሰው ግን እጁ ይባረክ፤ ጠርዙን እንኳ አልተወውም።» እኔ ዝርጉን ተቀብዬ ያዝሁት። ጌጡን አወቅሁት።

ወደ ልጅነቴ ልመለስ። በማግሥቱ እናቴ ከሥራ ስትገባ ካርቡራተሩ በቦታው ተቀምጦ፣ በሁለቱ ብሎኖቹ ላይ ነጭ ነጥብ ነበረበት። ዙሪያውን እየዞረች አየችው። አባቴን ከኋላው አቅፋ ግንባሯን በጀርባው ላይ አሳረፈች። «ጨረስከው» አለችው። እርሱ አልዞረም፤ እጁን በጨርቅ መጥረግ ቀጠለ።

ሞተሩ በገባበት መስኮት ወጥቶ መኪናዋ ውስጥ ተተከለ። ሲነሣ መንደሩ ሁሉ ሊያይ ወጣ። ድምፁ ጥሩ ነበር፤ ቆሞ የሚሠራ ሞተር ብዙ አየር አይፈልግምና። ከዚያ በኋላ እስከ ውድድሩ ድረስ አባቴ የሮዳጅ ሕግ አወጣ። አዲስ የተሠራ ሞተር ብረቱ ከብረቱ ጋር እስኪለማመድ ድረስ በዝግታ ብቻ መነዳት አለበት፤ ይህ በእርግጥም የሞያው ደንብ ነው። «አራስ ናት» ይላት ነበር መኪናዋን፤ «አራስ አይሮጥም።» እናቴም ሕጉን ከማንም በላይ ጠበቀች። ጎረቤቶች «በእግር ብትሄጂ ትቀድሚ ነበር» እያሉ ሲቀልዱባት፣ እርሷ እኔን አጠገቧ አስቀምጣ በመንደሩ ዙሪያ እንደ ጋሪ ቀስ እያለች ትዞር ነበር። «ታገሺ፣ አቀበቱ ላይ ታያለሽ» ትለኛለች። የአባቴ ተንኰል በእውነተኛ ደንብ ጥላ ሥር እንደ ተቀመጠ ማን ይጠረጥራል?

የውድድሩ ቀን አባቴ እኔን ትከሻው ላይ አስቀምጦ ከአቀበቱ ወገብ፣ መንገዱ ወደ ታችም ወደ ላይም ከሚታይበት ቦታ ቆመ። መኪኖቹ አንድ በአንድ ነው የሚለቀቁት፤ ተፎካካሪው ሰዓቱ ነው። እያንዳንዱ ሲያልፍ ደረቴን ይደበድበኝ ነበር፤ አቧራው አፌ ውስጥ ይገባል፤ ሕዝቡ ይጮኻል። ከዚያ የእናቴ ተራ ደረሰ። ከታች ስትነሣ ድምፁ ብሩህ ነበር። መንገዱ ሽቅብ ሲወጣ ግን ድምፁ በብርድ ልብስ ሥር የሚዘፍን ሰው ድምፅ ሆነ። ይጮኻል፣ ግን አይገፋም። ከሦስተኛው መታጠፊያ ስትወጣ ፊቷን አየሁት። ከንፈሯን ነክሳ፣ አካሏን ሁሉ ወደ ፊት ጥላ፣ ልክ መኪናዋን በደረቷ እንደምትገፋት ነበር።

«ወይዘሮ፣ ቅርጫቱን ረስተሻል!» አለ አንዱ ከኋላችን።

«ተዋት፣ ቲማቲሙ እንዳይፈርጥባት ነው!» አለ ሌላው።

ሕዝቡ ሳቀ። የአባቴ እጆች ቍርጭምጭሚቶቼን አጥብቀው ጨበጡ። ለእርሷ የፈራ መሰለኝ።

ከላይ ስንደርስ የውድድሩ ሹም እጇን በሁለት እጁ ይዞ ያናግራት ነበር። ትሕትናው በዝቶ ነበር፤ ሰውን በትሕትና ማሰናበት ከሁሉ የከፋ ስንብት እንደ ሆነ ያን ጊዜ አላውቅም። ውጤቷ ከመጨረሻዎቹ ተራ ነበር። የድርጅቱ ሰዎች ወደ ሌላ መኪና ሄደዋል። እኔ ያየሁት ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እናቴ ብቻዋን ቆማለች፣ ማንም አልያዛትም። ከአባቴ ትከሻ ወርጄ ሮጥሁና ወገቧን አቀፍሁ። «አልወሰዱሽም! አልወሰዱሽም!» አልሁ።

እናቴ ራሴን ዳበሰችው። «አዎ» አለችኝ። «አልወሰዱኝም።»

«ዋናው ጤና ነው» አለ አባቴ።

በማግሥቱ ረፋድ እናቴ የመኪናዋን ኮፈን ከፍታ ሥራ ጀመረች። አባቴ ከጎኗ በርጩማ ላይ ተቀምጦ የብሎኑን ሳህን ይዞላት ነበር። እኔ ደረጃው ላይ ተቀምጬ አያለሁ። እርሷ ቀይ ነጥብ ያለባቸውን ብሎኖች አንድ በአንድ ትፈታለች። ቀለሙ እንደ ደረቀ ደም እየተፈረፈረ ይወድቃል።

«ተዪው አሁን፣ ደክሞሻል» አላት።

«የኔ ቫልቭ ነው። አንዱ አልገጠመም ማለት ነው። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?»

የሞተሩን ራስ አወረደች፤ ገልብጣም በአየር መግቢያው ቤንዚን አፈሰሰችና ጠበቀች። ቫልቩ በትክክል ካልገጠመ ቤንዚኑ በጠርዙ በኩል ያነባል። አላነባም። ቀጣዩን ሞከረች፤ ደረቅ። ሌላውን፤ ደረቅ። ሁሉም ደረቅ ነበሩ። በዘመኗ ሁሉ እንደዚያ ያለ ሥራ ሠርታ አታውቅ ይሆናል፤ ስሕተት ለማግኘት ባጎነበሰችበት ሁሉ የገዛ እጇ ፍጹምነት ይመልስላት ነበር።

ቀና ስትል ዐይኗ ካርቡራተሩ ላይ ዐረፈ። ቍልፉ በእጇ ነው። ሁለቱ ነጭ ነጥቦች በፀሐዩ ላይ ያበራሉ። እጇ እስከ መንገድ አጋማሽ ሄዶ ቆመ፤ ከዚያ አባቴን ተመለከተችው።

«ያንተንስ ማየት ያስፈልግ ይሆን?»

«ከፈለግሽ እከፍተዋለሁ» አላት። ድምፁ እንደ ወትሮው ነበር። ከበርጩማው ግን አልተንቀሳቀሰም።

እናቴ ለረጅም ጊዜ አየችው። እኔ በዚያ እይታ ውስጥ ፍቅር አየሁ፤ ስለዚህ ነገር ብቻ አልተሳሳትሁም።

«አይ» አለች። «አንተ ዘግተኸዋል።»

ቍልፉን ሳህኑ ውስጥ ጣለችው። ከዚያ ሁለት እጆቿን ዘርግታ፣ የራሷ እንዳልሆኑ ያህል ወዲያና ወዲህ እያገላበጠች ተመለከተቻቸው። «ሞተሩ ምንም የለበትም። እኔ ነኝ» አለች። «ረስቼዋለሁ። ወይም ፈርቻለሁ፣ ሳይታወቀኝ።»

«ዕድሜ ነው፤ ልጅም ወልደሻል» አላት አባቴ በርኅራኄ። «ማንም ሰው እንደ ድሮው አይሆንም።»

ከዚያ ቀን በኋላ መሪ አልጨበጠችም። ጡረታ እስክትወጣ ድረስ በዚያው መሥሪያ ቤት የሌሎችን ቃል ስትጽፍ ኖረች። አባቴም በመንደሩ ተመሰገነ። ሳሎኑን አፍርሶ፣ መስኮቱን ነቅሎ፣ ለሚስቱ ሞተር ያደሰ ባል! «እሱ እኮ አልከለከላትም» ይሉ ነበር ሴቶቹ ለባሎቻቸው፤ «ዕድሉን ሰጥቷታል፤ እሷ አልሆነላትም እንጂ።» አዎ፣ አልከለከላትም። የከለከለ ሰው ለተከለከለው ቢያንስ ቍጣውን ይተውለታል፤ አባቴ ያንንም ወሰደው። ከተናደደች በራሷ፣ ካፈረች በራሷ እንድትሆን አደረጋት። ክፉ ሰው ነበረ ብዬ ለመጻፍ እጄ ይከብደኛል፤ ትኵሳት ሲይዘኝ አጠገቤ ሲቀመጥ ያነጋ አባት ነበረና። ነገር ግን ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

ነሐሱ በእጄ ከገባ በኋላ ብዙ አላመነታሁም። እውነት የባለቤቷ ናት፣ ባለቤቷ እስካለች ድረስ ማንም ሌላ ሰው ሊያስቀምጥላት አይገባም ብዬ የማምን ሰው ነኝ፤ ልጆቼንም በዚህ አሳድጌአለሁ። ከሰዓት በኋላ እናቴ ዘንድ ሄድሁ። ብቻዋን በምትኖርበት ክፍል፣ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ድንች ትልጥ ነበር። ልጣጩ ሳይበጠስ እንደ ጥብጣብ እስከ ጭኗ ይወርዳል። ሁሉንም ነገርኋት፤ ክቡን፣ ባለቶርኖው ያለውን፣ መካኒኩ ያገኘውን።

አላቋረጠችኝም። ስጨርስ ቢላዋውን አስቀመጠች።

«ቀዳዳው ምን ያህል ነበር?»

የትንሿን ጣቴን ጫፍ አሳየኋት።

ዐይኖቿን ጨፈነች። ቀኝ እግሯ ከወንበሩ ሥር ወለሉን ቀስ ብሎ ሲጫን አየሁ፤ እጇም በጭኗ ላይ አንድ ጊዜ ወደ ፊት፣ አንድ ጊዜ ወደ ኋላ ተንቀሳቀሰ። አቀበቱ ላይ ነበረች።

«ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ትንፋሽ አጠራት» አለች። «ወደ ሁለተኛ ማርሽ መለስኳት። ቤንዚን አንሷት ነው ብዬ ነበር። ከዚያ… በዚያ ቀዳዳ፣ ልጄ፣ ከላይ መድረስ አይቻልም እኮ።»

«ደርሰሻል።»

«ደርሻለሁ» አለች። «ከኋላዬም ሰው ነበር።»

ፊቷ በራ። በልጅነቴ ቫልቩን ፈጭታ ስትጨርስ ያሳየችኝ ፊት ነበር፤ ደስ አለኝ፤ እውነትም ሥራዋን የሠራች መሰለኝ። ያ ብርሃን ግን ብዙ አልቆየም። ዐይኗን ስትገልጥ የተመለከተችው እኔን ነው።

«እሱ ሞቷል» አለች። «ማንን ልጠይቅ? ማን ላይ ልጩኽ?»

«እማዬ—»

«ቆይ። አልችልም ብዬ ተቀምጬ ዕድሜዬን ጨረስኩ። መጀመሪያ ላይ መሮኝ ነበር፤ ኋላ ለመድኩት። እኔና አለመቻሌ ታረቅን። የማትችል ሴት ሆኜ መኖር አውቅበት ነበር። አሁን መጥተሽ የተቀማሁ ሴት አደረግሽኝ። እሷን ደግሞ በየትኛው ዕድሜዬ ልልመዳት?»

«ማወቅ የሚገባሽ መስሎኝ ነው» አልኋት።

«ይገባኛል። ድሮ ይገባኝ ነበር።» ድንቹን ከጭኗ አንሥታ ወደ ሳህኑ መለሰች። «ላንቺ ቀለለሽ፤ ፊትሽ ላይ ይታያል። ስትገቢ ከብዶሽ ነበር፣ አሁን ቀሎሻል።»

እውነቷን ነበር።

ወንበሯን ይዛ ልትነሣ ሞከረች። ጉልበቷ ከታመመ ወዲህ ሁልጊዜ ክንዷን የምደግፋት እኔ ነበርሁ፤ ስለዚህ ሳላስብ እጄን ዘረጋሁ።

«ተዪኝ» አለች።

በሁለት እጇ የመስኮቱን ደፍ ጨብጣ፣ ከንፈሯን ነክሳ፣ አካሏን ወደ ፊት ጥላ ታገለች። አንድ ጊዜ ተመልሳ ወንበሩ ላይ ወደቀች። እንደገና ጨበጠች። እኔም እጄን እንደ ዘረጋሁ፣ ልነካትም ልተዋትም ሳልችል፣ ቆሜ አየኋት።